ምስክሩ ማወቁ በምን ይታወቃል?

እብናት ወረዳ ፍርድ ቤት የድንበር ክርክር እየሰማ ነው እንበል። የከሳሽ ምስክር ምሎ «ተከሳሹ ባለፈው ሐምሌ ወሰኑን ገፍቶ ሲያርስ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። መሬቱ ተለካ፣ የይዞታ ደብተሩ ታየ፣ ወሰኑም እንዳልተነካ ተረጋገጠ። ከሳሽ ተረታ። የተከሳሽ ዘመዶች «ይህ ሰው በሐሰት መስክሯልና ይታሰር» ይላሉ። ዐቃቤ ሕጉ ግን እስካሁን በእጁ ያለው የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው፤ ያውም ቀላሉ እኩሌታ።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቁጥር 453 የሚቀጣው የተሳሳተን ምስክር ሳይሆን ሐሰት መሆኑን እያወቀ የመሰከረን ነው። በዚያው ሕግ ቁጥር 59 መሠረት ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሳ ከማሳ የተምታታበት፣ የአምናውን ከካቻምናው የቀላቀለ ሽማግሌ ይወቀስ ይሆናል እንጂ ወህኒ አይወርድም። የመሬት ጉዳይ ደግሞ ለመምታታት የተመቸ ነው። የ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ሲነሳ ድንጋዩ የት እንደተተከለ ሁለት ቅን ሰዎች ሁለት ቦታ ሊያሳዩ ይችላሉ።

ችሎቱ «ምስክሩን አላመንኩትም» ማለቱስ አይበቃም? አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ክርክር ዳኛው የሚመዝነው የማን ማስረጃ ሚዛን እንደደፋ ነው። በወንጀል ክስ ግን ምስክሩ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ይቆማል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ይሰጠዋል፤ ሐሰቱም ማወቁም ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለባቸው። እዚህ ላይ ብዙ መዝገብ ይወድቃል።

በእኔ እምነት የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ዐቃቤ ሕጉ ትክክለኛውን ውሸት ስለማይዝ ነው። ወሰኑ የት እንደሆነ ላይ ከተሟገተ ምስክሩ «መስሎኝ ነው» ብሎ ያመልጣል። ምስክሩ ግን ስለ ወሰኑ ብቻ አልተናገረም፤ ስለ ራሱም ተናግሯል። «ነበርኩ፣ አየሁ» ብሏል። ሰው በድንበር ሊሳሳት ይችላል፤ ሐምሌን በሙሉ የት እንደከረመ ግን በቀላሉ አይሳሳትም። ያ ምስክር በዚያ ሐምሌ እንደ ብዙ የደቡብ ጎንደር ሰው ለሰሊጥ አረም መተማ ወርዶ ከነበረ፣ አብረውት የወረዱት አሉ፤ ቅድሚያ ገንዘብ የሰጠው ባለሀብት ደብተር አለ። እነዚህ ከተገኙ ማወቁን ለማስረዳት ልቡን መክፈት አያስፈልግም። ያላየውን «አየሁ» ማለቱን ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? እንዲያውም ወሰኑ በእርግጥ ተገፍቶ ቢገኝ እንኳ ይህኛው ውሸት ውሸትነቱን አይለቅም።

የእንግሊዙ የቀድሞ ሚኒስትር ጆናታን አይትከን የወደቀው በዚሁ መንገድ ነው። ዘ ጋርዲያን ጋዜጣን በስም ማጥፋት ከሶ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ሪትዝ ሆቴል ያረፈበትን ሒሳብ የከፈለችው ሚስቱ እንደሆነች ምሎ ተናገረ። በ1997 የአየር መንገድና የመኪና ኪራይ ሰነዶች ሚስቱ በዚያን ጊዜ ስዊዘርላንድ እንደነበረች አሳዩ፤ ክሱ ፈረሰ። በ1999 ጥፋቱን አምኖ 18 ወር ተፈረደበት። ስለ ሐሳቡ ማንም አልተከራከረም፤ ሰነዶቹ ሌላ መውጫ አልተዉለትም።

ይህ ግን የሚሠራው ቃሉ በመዝገቡ ላይ በትክክል ከሰፈረ ነው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 137 ምስክር የሚጠየቀው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ስለሚያውቀው ፍሬ ነገር ነው ይላል። እንግዲህ «በምን አወቅህ? የት ቆመህ ነበር? ከማን ጋር?» የሚሉት ጥያቄዎች ያኔውኑ ካልተጠየቁ፣ መዝገቡም «ተከሳሽ ገፍቶ ማረሱን ያውቃል» ብሎ ካሳጠረው፣ ምስክሩ ኋላ «ሰምቼ ነው» ቢል ማን ያስተባብለዋል?

ለፖሊስ አንድ፣ ለችሎት ሌላ የሚናገር ምስክርም አለ። ሁለቱ ቃሎች መጋጨታቸው ከሁለቱ አንዱ ስህተት መሆኑን ያሳያል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ክሱ ችሎት ላይ ስለተሰጠው ቃል ከሆነ፣ ያኛው ቃል ሐሰት መሆኑ በሌላ ማስረጃ መታየት አለበት። ፈርቶ የካደም፣ መጀመሪያ ተገድዶ የተናገረም ይኖራልና መቸኮል አይገባም።

የተከራካሪዎቹ የራሳቸው ቃልስ? የወንጀል ሕጉ ቁጥር 452 እነሱን ይመለከታል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት እያንዳንዱ አቤቱታ ግርጌው ላይ በማረጋገጫ ይዘጋል። ሕጉ አረጋጋጩ ራሱ የሚያውቀውን፣ ሰምቶ እውነት ነው ብሎ ከሚያምነው ለይቶ እንዲያመለክት ይፈልጋል። በተግባር ግን ሁሉም በአንድ መስመር «እውነት ነው» ተብሎ ይታሰራል። ጽሑፉን ያዘጋጀው ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኖ ባለጉዳዩ ማንበብ የማይችል ገበሬ ሲሆን፣ አሻራው ብቻውን ማወቁን አያስረዳም። መጀመሪያ ጽሑፉ የተነበበለት መሆኑ መረጋገጥ አለበት።