ሥዕሉ ሳይለይ እንዳንፈርድ ፤ ስለ ርካሽ የጥበቃ ካሜራ አጭር ጥናት

እንደሚታወቀው ያለ ሽቦ በዋይፋይ የሚሠራ ርካሽ የጥበቃ ካሜራ ዛሬ በብዙ ሰው ደጃፍ ተሰቅሎ ይታያል። እኛም በኅብረት በተከራየነው ቤት አንድ ሰቅለን ነበር። አንድ ሌሊት ብስክሌት ጠፋብን። ሥዕሉን ብንመለከት ጋቢ የተከናነበ፥ ፊቱ የማይለይ ጥላ ብቻ አገኘን። «ከዘበኛው በቀር ማንም አይሆንም» ያልን አልጠፋንም። ሽማግሌው ግን ያን ሌሊት ልቅሶ ቤት ማደራቸው በምስክር ተረጋገጠ። ስላፈርንም ነገሩን ከሥሩ ልንመረምር ተነሣን።

1ኛ/ ርቀት። ካሜራችን ሥዕሉን በወርድ 1920፥ በቁመት 1080 ነጥቦች ይከፍለዋል። የእይታው ስፋት 90 ዲግሪ ስለ ሆነ በ10 ሜትር ርቀት ላይ የ20 ሜትር ወርድ ያያል። 1920 ለ20 ሲካፈል ለአንድ ሜትር 96 ነጥብ ይደርሳል፤ 16 ሴንቲሜትር ያህል ለሚሰፋ ፊት የሚተርፈው እንግዲህ 15 ነጥብ ብቻ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ የማይታወቅን ሰው ለመለየት በሜትር 250 ነጥብ እንዲኖር ይጠይቅ ነበር። በዚህ ስሌት ካሜራው ሰው ከሚያልፍበት ቦታ ከ3.8 ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። በኋላ በስልክ ማጉላት ነጥቡን ያተልቀዋል እንጂ አዲስ ነጥብ አይጨምርም። እጅግ ከፍ አድርጎ መስቀልም ፊትን ሳይሆን ባርኔጣን ያሳያል።

2ኛ/ ብርሃን። ሌሊት ካሜራው ለዐይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይረጫል። ከመስኮት መስተዋት ጀርባ ከተቀመጠ ይኸው ብርሃን ተመልሶ ራሱን ያሳውረዋል፤ አቧራና የሸረሪት ድርም እንዲሁ። ብርሃን ሲያንስ ደግሞ እያንዳንዱን ሥዕል ለመቅዳት ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ የሚራመድ ሰው ይደበዝዛል። ስለዚህ በደጃፍ አንድ አምፑል ማብራት ብዙ ጊዜ ሌላ ካሜራ ከመግዛት ይሻላል።

3ኛ/ የሬዲዮው መንገድ። ርካሾቹ ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይሠራሉ። ቆርቆሮ ይህን ሞገድ ይመልሰዋል፤ ብረት ያለበት ኮንክሪትም እጅግ ያደክመዋል፤ ያን ጊዜ ሥዕሉ ይቆራረጣል። ራውተሩን ከብረት ቁም ሣጥን ጀርባ ማውጣት፥ ከጎረቤት ሞገድ ጋር እንዳይጋጭም ከ1፥ ከ6 እና ከ11 ቻናሎች ያልተጨናነቀውን መምረጥ ይረዳል። በሴኮንድ የሚላከውን ሥዕል ከ25 ወደ 15 ብንቀንስ፥ የሚላከው የመረጃ መጠን ካልተለወጠ፥ ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚደርሰው ድርሻ ይጨምራል።

እኛም ካሜራውን ከሰገነቱ አውርደን ከበሩ በ3 ሜትር ርቀት ሰቀልነው፤ አምፑልም ጨመርን። አሁን የገባውን ሰው ፊት እንለያለን። ይህን ሁሉ ያደረግነው በአንድ አምፑል ዋጋ ነው። ብስክሌቱን የወሰደው ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከሁሉ አስቀድመን ወደ ሽማግሌው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። እሳቸውም «ልጆቼ፥ እኔንም ብትጠይቁኝ እኮ እነግራችሁ ነበር» አሉን። ጓደኞቻችን ሆይ! 15 ነጥብ የሰውን ፊት እንደማይገልጥ በቁጥር አይተናል፤ በ15 ነጥብ የሰውን ስም እንዳናጠፋ እንጠንቀቅ።