የድጋፍ ገንዘብ ቀን አያስቆምም

በሥራ ቦታ ጾታዊ ጥቃትና ትንኮሳ ለደረሰባቸው ሴቶች ተብሎ የሚለቀቀው የድጋፍ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ በተጎጂዋ እጅ አይገባም። ለጋሹ ውል የሚያስረው ከማኅበራት ጋር ነው፤ ማኅበሩ ደግሞ ገንዘቡን ምክር፣ መጠለያና ሥልጠና ያደርገዋል። ይህን አላቃልልም። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠሩ ታግደው፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሰለ አንጋፋ ተቋም እንኳ አገልግሎቱን ለማጥበብ ተገዶ ነበር። በሩ ዳግም የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ሆኖም በፕሮጀክት መዝገብ ላይ ስም ማስፈር ክስ መመሥረት አይደለም፤ ብዙ ሴት የምትሸነፈው ይህን ዘግይታ ስትረዳ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት የፈጸመባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን እንድትለቅ ይፈቅዳል፤ ከሥራ ስንብት ክፍያው ሌላም የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ ካሳ ይከፈላታል። ሕጉ ይኸው ነው። ጉዱ ያለው አንቀጽ 33 ላይ ነው፦ ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካበቃበት ቀን አንስቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት በይርጋ ይቀራል። በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ ሴት ይህ ሁለት ሳምንት ተኩል ብቻ ነው። አንድ የምክር ቀጠሮ፣ ሌላ የምክር ቀጠሮ፣ ከዚያ የሰው ሀብት ክፍሉ «እያጣራን ነው፣ ጠብቂ» ሲላት ጊዜው አለቀ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ስትለቅ ደግሞ፣ ከኀፍረትም ይሁን ከሰው ምክር፣ «በግል ጉዳይ ምክንያት በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብላ ትጽፋለች። ሕጉ የሚጠይቃት እውነተኛውን ምክንያትና የምትለቅበትን ቀን በጽሑፍ እንድታሳውቅ ነበር። በዚያች አንድ መስመር የ90 ቀኑ ካሳ ይሄዳል። ይባስ ብሎ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ወጥታ ከሆነ፣ አሠሪው እስከ 30 ቀን ደመወዝ ሊጠይቃት ይችላል።

ሌላው ወጥመድ «የሥራ መሪ» የሚለው ቃል ነው። በፋብሪካ መስመር ላይ የሚያዝ ሱፐርቫይዘር ለሠራተኛዋ አለቃ ነው፤ ለሕጉ ግን መቅጠር፣ ማዛወር ወይም በዲሲፕሊን መቅጣት የመሰለ ሥልጣን ከሌለው ተራ ባልደረባ ሊባል ይችላል። እዚህ ላይ በጽሑፉና በችሎቱ መካከል ክፍተት አለና ውጤቱን አስቀድሞ መማል አይቻልም። ጥፋተኛው ባልደረባ ከተባለ የስንብት ክፍያው የሚገኘው አቤቱታው ለአሠሪው ቀርቦ፣ አሠሪውም በጊዜው ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ ነው። መቅረቡን የሚያስረዳው የተቀባዩ ፊርማ፣ ማኅተምና ቀን ያለበት ግልባጭ ነው። ያለ ግልባጭ «ነግሬያቸው ነበር» ማለት ከምስክር ፍለጋ አያድንም።

የተጎዳችን ሴት በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ደብዳቤ ጻፊ ማለት ጭካኔ ነው የሚል ይኖራል። ነው። ሕጉ ከቁስሉ ይፈጥናል። ግን አሠሪው ይርጋን እንደ መቃወሚያ ካነሳ፣ ዳኛው በርኅራኄ ብቻ ጊዜ ሊጨምር አይችልም። ለዚህ ነው የድጋፍ ገንዘቡ ከሁሉ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የጠበቃ ሥራ መሸፈን አለበት የምለው፤ የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለውምና ወጪው ያን ያህል አይደለም። «ማኅበሩ ለድርጅቱ ደብዳቤ ጽፎልኛል» የምትሉም አላችሁ። ደብዳቤው ጥሩ ማስረጃ ይሆናል፤ ይርጋን የሚያቋርጠው ግን ለፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ላለው የሥራ ጉዳይ አካል የቀረበ አቤቱታ፣ አለዚያም አሠሪው መብታችሁን በጽሑፍ ማመኑ ነው።

እንግዲህ ከክስ ይልቅ ብዙዎች ወደሚመርጡት ሽምግልና እንምጣ፤ እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣችሁ። ሽማግሌ ተቀምጦ «ፈረቃሽን እንቀይራለን፣ ካሳም እንሰጥሻለን» ተብሎ በእጅ መጨባበጥ የሚያልቅ ነገር፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ «መቼ አልን?» ይባልበታል። ታረቁ፣ ግን ተጽፎና ተፈርሞ ይሁን። «ከድርጅቱ የምጠይቀው የለኝም» የሚል የክሊራንስ ወረቀት ሲቀርብላችሁም ገንዘቡ ሳይቆጠር አትፈርሙ።

ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት ይታገዳል። ፕሮጀክት ደግሞ የራሱ መዝጊያ ቀን አለው፤ ሲዘጋ አማካሪዋ ወደ ሌላ ሥራ ትሄዳለች፣ ፋይሉም መጋዘን ይገባል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ የፕሮጀክቱን ማብቂያ ጠይቁ፤ የሕክምና ማስረጃውንና የአቤቱታውን ቅጂ ቤታችሁ አስቀምጡ። በሰው ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ስለማይሸፍናችሁ እነዚህን ቀናት ትታችሁ በፍትሐ ብሔርና በወንጀል ሕጉ በኩል ምን እንዳላችሁ ጠበቃውን ለይታችሁ ጠይቁት።