ስለ ናይለን ክርና ስለ ሰው ሠራሽ ጡንቻ

ጥጥ በእንዝርት ሲፈተል ያየ ሰው ሁሉ፣ ከመጠን በላይ የከረረ ክር ሲላላ በራሱ ላይ ተጠምዝዞ እንደሚጠቀለል ያውቃል። ፈታይዋ ይህን እንደ ጉድለት ትቆጥረዋለች። የሳይንስ ሊቃውንት ግን ከዚሁ ጠባይ ጡንቻ ሠርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ፣ ፕሮፌሰር ሬይ ባውማንና ባልደረቦቻቸው ከተራ የዓሣ ማጥመጃና ከልብስ ስፌት ክር ሰው ሠራሽ ጡንቻ እንደሚወጣ ገለጹ። የክሩም ዋጋ በዚያን ጊዜ በኪሎ 5 ዶላር ያህል ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በክሩ የታችኛው ጫፍ ክብደት ይንጠለጠላል፤ እንዳይዞርም ይያዛል። የላይኛው ጫፍ በሞተር ይጠመዘዛል። ክሩ እየከረረ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ሞላ ይጠቀለላል፤ ከዚያም ቅርጹ እንዲጸና በሙቀት ይታከማል።

ናይለን ክር በፋብሪካ ተስቦ ስለሚሠራ ሞለኪውሎቹ በርዝመቱ ተሰልፈዋል። ስለዚህ ሲሞቅ በርዝመቱ ጥቂት ያጥራል፣ በውፍረቱም ያብጣል። ይህ ጥቂት ለውጥ የከረረውን ክር ወደ መፈታት ይገፋዋል፤ ጥቅልሉም ግፊቱን ወደ መሰብሰብ ይለውጠዋል። በዚህ ዓይነት ጡንቻው እስከ 49 በመቶ ሊያጥር፣ በርዝመትና በክብደት እኩያው ከሆነ የሰው ጡንቻም ከ100 እጥፍ በላይ የሚከብድ ሸክም ሊያነሣ ችሏል። ሲቀዘቅዝ ሸክሙ ስቦ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ይመልሰዋል።

ከጎማና ከጨርቅ ለሚሠሩ ለስላሳ ሮቦቶች ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ከሚሰጠው ሙቀት አብዛኛው በከንቱ ይባክናል፤ ወፍራሙም ክር ለመቀዝቀዝ ይዘገያል።

ነጋዴው ከዚህ የሚማረው ምንድን ነው? ናይለን 6 በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ናይለን 66 በ260 ገደማ፣ ከፖሊኢትሊን የተጎነጎነው ክር ግን በ140 አካባቢ ይቀልጣሉ። ሁለቱ ናይለኖች በዓይን አይለዩም። ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ልዩነቱ ብዙ አያሳስብም፤ ክሩን በሙቀት ለሚያሠራ ተማሪ ወይም መሐንዲስ ግን የተሳሳተ ክር የደከመበትን ሥራ አቅልጦ ያጠፋበታል።

ስለሆነም አስመጪው የክሩን ዓይነትና ውፍረት ከላኪው በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ቸርቻሪውም ሲከፋፍል የፋብሪካውን ምልክት አይጣል። ናይለን እርጥበት የሚመጥ፣ በፀሐይም የሚደክም ዕቃ ስለሆነ በጥላና በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ።