የወተት መዝገብ በኮምፒዩተር፦ የዳታቤዝ ፎልደር ማዘጋጀትና አገልግሎቱን ማስነሣት

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ጸሐፊዎች

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ላም የሚያረቡ አባላትን የያዘ ማኅበር ጧትና ማታ የተረከበውን ወተት በሊትር ይመዘግባል። የአባሉ ሒሳብ የሚታሰበው ከዚሁ መዝገብ ነው። መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ይህ ሁሉ በአንድ ፎልደር ውስጥ ስለሚያድር አዘገጃጀቱ የመጋዘን ቁልፍን ያህል ጥንቃቄ ይሻል።

እዚህ የሚገለጸው በሊኑክስ ላይ ስለሚሠራውና በነፃ ስለሚገኘው ፖስትግሬስ ነው።

በመጀመሪያ በኮምፒዩተሩ ቋሚ ዲስክ ላይ ባዶ ፎልደር ይከፈታል። ፍላሽ ስለሚነቀል ለዚህ ሥራ አይሆንም። የፎልደሩ ባለቤት ለዳታቤዙ ብቻ የተከፈተ የተጠቃሚ ስም ይሁን፤ ለሌላ ተጠቃሚ ዝግ ይደረግ። በኮምፒዩተሩ ዋና አስተዳዳሪ ስም ቢሞከር ፕሮግራሙ ራሱ እምቢ ይላል።

ቀጥሎ ኢኒትዲቢ የተባለው ማዘጋጃ ይታዘዛል። ፎልደሩ ባዶ ካልሆነ አይቀበልም። በዚህ ጊዜ ያገኙትን ፋይል አይደምስሱ፤ የቀድሞው መዝገብ ሊሆን ይችላልና። የፊደሉ ኮድ ዩቲኤፍ-8 ይሁን፤ አለበለዚያ የአባላትን ስም በአማርኛ ላይቀበል ይችላል። የይለፍ ቃል እንዲጠይቅም አብሮ ይታዘዝ። ይህ ከተዘነጋ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሳይጠየቅ ይገባል።

አገልግሎቱን የሚያስነሣው ፒጂ-ሲቲኤል ነው። የፎልደሩ አድራሻና የሎግ ፋይል ስም ይሰጠዋል። አልነሣም ካለ ሎጉን ማንበብ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የፎልደሩ ባለቤት ሌላ መሆኑ ወይም ፖርት 5432 አስቀድሞ መያዙ ነው።

ትልቁ ስሕተት የሚመጣው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ጸሐፊው አገልግሎቱ እየሠራ ሳለ ፎልደሩን ወደ ፍላሽ ገልብጦ መጠባበቂያ ያዝሁ ይላል። ግልባጩ ግን ግማሹ ከመመዝገቡ በፊት፣ ግማሹ ከተመዘገበ በኋላ የተወሰደ ስለሚሆን በተፈለገ ጊዜ ላይነሣ ይችላል። መጠባበቂያ በፒጂ-ደምፕ ይወሰድ፤ ካልሆነም አገልግሎቱ በሥርዓት ቆሞ ፎልደሩ በሙሉ ይገልበጥ። የተወሰደው በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ካልታየ መጠባበቂያ አለን ማለት አይቻልም።

መብራት በድንገት ቢጠፋ ፖስትግሬስ ሲነሣ ያቋረጠውን ራሱ ያስተካክላል፤ ትርፍ መስሎ የታየን ፋይል ከፎልደሩ የሚሰርዝ እጅ ግን ከመብራቱ ይብሳል።

ቀንን የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ጳጉሜን አያውቅም፤ የእኛው ቀን በተለየ ዓምድ ይጻፍ። የወረቀቱ መዝገብ ቢያንስ ሁለት ክፍያ እስኪያልፍ ድረስ ጎን ለጎን ይያዝ፤ ልዩነት ቢገኝ አባሉ ባለበት ይታረማል።