ሙጫውን አንቺ ያዢው

«ከልጅነቴ ጀምሮ ዓለምን የመለወጥ ሕልም ነበረኝ» የምትለዋን አጥፊያት። ከትከሻሽ በላይ ሆኜ ስላነበብኩብሽ አትቆጪ። ይችኑ ዓረፍተ ነገር የሚጽፈው ልጅ ብዙ ነው፤ ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው እሷ ውስጥ አንቺን አያገኝሽም። በእሷ ፈንታ የምጣዱን ነገር ጻፊ። የእማዬ ምጣድ መሃሉን እያሳረረ ዳሩን ጥሬ ሲያስቀር ሁላችንም «አርጅቷል፣ ይቀየር» ስንል፣ የአባባን በጨረር የሚሠራ የሙቀት መለኪያ አምጥተሽ ከመሃል ወደ ዳር እየለካሽ ቁጥሩን ወረቀት ላይ የደረደርሽው አንቺ ነሽ። የሚያብረቀርቅ ብረት መለኪያውን እንደሚያሳስተው የገባሽም ራስሽ ነሽ፤ ባዶውን ምጣድ ትተሽ የእንጀራውን ፊት መለካት የጀመርሽው ለዚህ ነው። መለኪያን መጠርጠር ብዙ ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቶም ተቸግሮ የሚማረው ነገር ነው። እሱን ጻፊ። ቁጥሮቹንም ጨምሪበት።

ከመረጥሻቸው የሰመር ትምህርቶች ውስጥ የጆንስ ሆፕኪንሱን ወድጄዋለሁ። «ኤክስፕሎር ኢንጂነሪንግ ኢኖቬሽን» እ.ኤ.አ. በ2006 ጀምሮ እስካሁን የዘለቀ የሃይስኩል ተማሪዎች የሰመር ትምህርት ነው። ስለ ኢንጂነሪንግ እየተወራልሽ የምትቀመጪበት አይደለም፤ ቤተ ሙከራ ገብተሽ ትለኪያለሽ፣ ትገነቢያለሽ፣ ሪፖርት ትጽፊያለሽ፣ ፈተናም አለው። A ወይም B ካመጣሽ 3 የኮሌጅ ክሬዲት ይሰጥሻል፤ ይህቺን ለአባባ ንገሪው፣ ልቡን የምታሸንፈው እሷ ናት። መጨረሻ ላይ ደግሞ በቡድን ሆናችሁ ከፓስታና ከኢፖክሲ ሙጫ ድልድይ ትሠራላችሁ። ከዚያ ክብደት እየተጨመረበት እስኪሰበር ድረስ ይፈተናል።

በፓስታ ድልድይ መሥራት የልጅ ጨዋታ መስሎሽ አትናቂው። አንድ ዘለላ ስፓጌቲ ከማድ ቤት አምጪ። ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው፤ እንደዚያ ቀጭን ሆኖ እንዴት እንደሚቋቋም ታያለሽ። አሁን ጠረጴዛው ላይ አቁመሽ በጣትሽ ከላይ ተጫኚው። ወዲያው ይጎብጥና ይሰበራል። ያው ፓስታ፣ ያው ውፍረት፣ ግን መወጠርን ይችላል፣ መጨመቅን አይችልም። ግማሹን ቆርጠሽ እንደገና ተጫኚው፤ ለማጉበጥ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 4 እጥፍ ይጨምራል። ይህን ስሌት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው ኦይለር ነው፤ ዛሬም የሕንፃ ምሰሶ የሚነድፍ መሐንዲስ ሁሉ ይጠቀምበታል። ጭነቱ ወለሉ ላይ ሲሆን የድልድዩ የላይኛው ክፍል ይጨመቃል፣ የታችኛው ይወጠራል። ስለዚህ ከላይ ያሉትን አጫጭር አድርጊ፣ ብዙ ዘለላ ደርበሽ አጣብቂያቸው፤ ከታች ያሉትን ግን ርዝመት ብዙም አይጎዳቸውም። ሁሉንም እኩል ማወፈር ክብደት መጨመር ብቻ ነው። ይህን ከሄድሽ በኋላ በሰፊው ያስተምሩሻል፤ እኔ የምፈልገው ጣትሽ ቀድሞ እንዲያውቀው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው መጋጠሚያው ነው። ኢፖክሲ የሁለት ነገሮች ውህድ ነው። ልኩ ከተዛባ ወይም በደንብ ካልተማሰለ ላዩ የደረቀ ይመስልና ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በቂ ጊዜ ካልሰጣችሁትም እንዲሁ። ቡድንሽ በመጨረሻው ቀን ሲጣደፍ «ይድረቅ፣ አንነካካው» የምትይ አንቺ ሁኚ። ጓንት አድርጊ፣ መስኮትም ይከፈት።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። መጀመሪያ ቀን አንድ ልጅ፣ ምንም ክፋት ሳያስብ፣ «የአንቺ ጽሑፍ ያምራል፤ ማስታወሻውን አንቺ ያዢልን» ይልሻል። በቤተ ሙከራ ቡድኖች ውስጥ ሴቶቹ ጸሐፊ፣ ወንዶቹ ሠሪ ሆነው ሲቀሩ ደጋግሜ አይቻለሁ። ማንም ሳይወስነው፣ በጨዋነትና በትሕትና ነው የሚሆነው። የእኛ ቤት ልጅ ደግሞ ለዚህ የተመቸች ናት። ሰው ሲናገር አታቋርጪ፣ ትልቅ ሲቀርብ ተነሺ፣ ያልጠየቁሽን አትመልሺ እየተባልን ነው ያደግነው። ይህ አስተዳደግ ያኮራኛል፤ እማዬና አባባ ፊት አንድም እንዳትቀንሺበት። የሥራው ጠረጴዛ ላይ ግን ስሌቱ ስህተት መሆኑን እያየሽ ዝም ካልሽ ድልድዩ ይወድቃል፤ የጎዳሽውም ቡድንሽን ነው። ለመናገር ድምፅ ማንሳት አያስፈልግም። «ይህቺን ዘለላ ስንት ኃይል ነው የሚያገኛት? አብረን እናስላው» በይ። ቁጥር የያዘ ሰው ይደመጣል።

ማስታወሻውን በተራ እንያዝ በይ፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ልማድ ሳይሆን። ሙጫውን፣ መጋዙን፣ ሽቦውን፣ መለኪያውን በእጅሽ ያዢ። ሮቦት ካለ ኮዱን ከምትመለከቺ ጻፊው፤ ሰርኪዩት ካለ ገመዱን ሰክተሽ አምፖሉ እንቢ ሲል ምክንያቱን ፈልጊ። ያልገባሽን ነገር ደግሞ በዚያው ቀን ጠይቂ። የትምህርቱ ፍጥነት የኮሌጅ ስለሆነ ሰኞ ያልገባሽ ነገር ሐሙስ ላይ ሦስት ሆኖ ነው የሚጠብቅሽ። ረዳት አስተማሪዎቹ ለዚህ ሥራ የተቀጠሩ ናቸው፤ አስቸገርኳቸው ብለሽ አትሸማቀቂ። አልጀብራ ሁለትና ትሪጎኖሜትሪሽን ከመሄድሽ በፊት ከልሺ፤ የድልድዩ ኃይሎች በሙሉ ሳይንና ኮሳይን ናቸው።

ድልድዩ ሲፈተን ስልክሽን በዝግታ ቅረጻ አድርገሽ አስቀምጪ። በዓይንሽ የምታዪው አንድ ድምፅና የተበተነ ስብርባሪ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የለቀቀው የቱ እንደሆነ ከፍርስራሹ አታውቂም። ፓስታ ራሱ ያደናግራል፤ ጎብጦ ሲሰበር ሁለት ቁራጭ ብቻ አይሆንም፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ይበታተናል። ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን እንኳ ምክንያቱን ፈልጎ አላገኘውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ናቸው የመጀመሪያው ስብራት በቀረው ዘለላ ላይ የመጉበጥ ሞገድ እየላከ ሌላ ስብራት እንደሚያመጣ ያሳዩት። ስለዚህ ቅጂውን እየመለሳችሁ እዩ፣ የለቀቀውን ክፍል ለዩ፣ ከፈተናው በፊት «ይቀድማል» ብላችሁ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። ያሸነፈው ቡድን ሁሉ ለምን እንዳሸነፈ አያውቅም። እኔ ለምን እንደተሰበረ የምታስረዳኝን እህት እመርጣለሁ።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ እናውራ። ይህ ትምህርት ይከፈልበታል፤ የቤተሰብ አቅም ታይቶ የሚሰጥ ድጋፍ ግን አለው፣ አስቀድሞ የጠየቀ ነው የሚያገኘው። በወርቃማ ማኅተም «ተመርጠሻል» እያለ በፖስታ የሚመጣልሽን ደብዳቤ ግን ልክ እንደዚህ አትቁጠሪው። እማዬ ደስ ብሏት ለጎረቤት ስታሳይ ልቤ ይነካል፤ ነገር ግን አብዛኛው ማስታወቂያ ነው። ያላመለከትሽበት ቦታ አይመርጥሽም። የከፈልሽበት ሰመርም በራሱ ኮሌጅ አያስገባሽም፤ የሚረዳሽ እዚያ የሠራሽው ሥራና ስለ እሱ የምትናገሪው ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍልን ስትጨርሺ ደግሞ ኤም.አይ.ቲ. የሚያዘጋጀውን ማይቲስን ሞክሪ። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፣ ትምህርቱም ማደሪያውም ምግቡም ነፃ ነው፤ የመጓጓዣሽን ብቻ ትከፍያለሽ። ውድድሩ ከባድ ስለሆነ ካልተሳካ ክብርሽን አይቀንሰውም። አዲስ አበባ ያለው የአጎታችን ልጅም እንዲህ ያለ ትምህርት እየጠየቀኝ ነው፤ ለእሱ አዲስኮደርን ነግሬዋለሁ። እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆኑት ፕሮፌሰር ጀላኒ ኔልሰን በ2011 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ነፃ የሰመር ትምህርት ነው፤ ኮምፒውተር ፕሮግራሚንግና አልጎሪዝም ነው የሚያስተምረው። መልእክት ልከሽ አበርቺው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሄደሽ ኢንጂነሪንግን ካልወደድሽው አትደብቂን። «አባባ ገንዘብ አውጥቶብኝ» ብለሽ አራት ዓመት በማትወጂው ነገር እንድትቆዪ አንፈልግም። አልወደድኩትም ማለት በሰመር ብዙ አያስከፍልም፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ግን ዋጋው ከባድ ነው። የትኛውን እንዳልወደድሽውም ለዪ፤ ሙጫና ድልድይ የሰለቻት ልጅ ሰርኪዩቱን ወይም ኬሚካሉን ልትወድ ትችላለች።

የገንዘብ ድጋፍ ቅጹ የአባባን የታክስ ወረቀት ይጠይቃል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እኔ አነጋግረዋለሁ፣ ወረቀቱንም ከሳጥኑ አወጣዋለሁ። አንቺ ሰኞ ጠዋት የሂሳብ መምህርሽን የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቂያቸው፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ያስፈልግሻል። በኢሜይል አይሆንም፣ ክፍላቸው ሄደሽ ጠይቂያቸው።