ስለ ጎመንና ስለ ብሮኮሊ አበሳሰል

ብሮኮሊ የሚባለው አትክልት ለደሴና ለኮምቦልቻ ማድ ቤት እንግዳ ቢሆንም ዘመዱ ግን በየጓሮው አለ። ብሮኮሊ፣ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን የአንድ ተክል ልጆች ናቸው። የሐበሻ ጎመንም ከዚሁ ወገንና ከሰናፍጭ ተዳቅሎ የተገኘ መሆኑን በጃፓን ይሠራ የነበረ ናጋሃሩ ኡ የሚባል ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. ገልጧል። ስለዚህ ስለ አንዱ አበሳሰል የሚነገረው ለሌላውም ይጠቅማል።

ጎመን ግን በብዙ ቤት የድኻ ወጥ ተብሎ ይናቃል። «ጎመን በጤና» የሚለው ተረት እንኳ ጤናን ሲያመሰግን ጎመንን ዝቅ ያደርገዋል፤ ጤናውን ከሚሰጡት አንዱ ራሱ ጎመኑ መሆኑን ግን ተናጋሪው አያስተውልም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የጎዳው ረኀብ ኋላ ዓለም ሁሉ ያየው ነበር። ዳፍንት ግን ጎተራው በሞላበት ቤትም በዝምታ ይገባል፤ ሕፃኑ ፀሐይ ስትጠልቅ መንገዱን መሳት ይጀምራል፤ ችላ ከተባለም ዓይኑ እስከ መጥፋት ይደርሳል። ምክንያቱ የቪታሚን ኤ ማነስ ሲሆን፣ ሰውነት ይኸንኑ የሚሠራበት ነገር በአረንጓዴ ቅጠል፣ ይልቁንም በጎመን፣ ይገኛል።

ጥፋቱ ያለው ከአበሳሰሉ ላይ ነው። ቅጠሉን አድቅቆ ከትፎ በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ መቀቀል፣ ኋላም ጨምቆ ውሃውን መድፋት ልማድ ሆኗል። ቪታሚን ሲ በውሃ የሚሟሟ፣ በእሳትም የሚጠፋ ስለ ሆነ ብዙው በዚህ ይባክናል። ስለዚህ ጎመኑ ሳይከተፍ ይታጠብ፤ ከዚያም ሰፋ ሰፋ ተደርጎ ይከተፍ። በድስት ሁለት ጣት የሚያህል ውሃ ሲፈላ ይጨመርና ይከደን። ለጋው ቅጠል በ7 ወይም በ8 ደቂቃ፣ ጠንከር ያለው እስከ 15 ደቂቃ ይበስላል። ብሮኮሊ የሆነ እንደ ሆነ አበባው በየዘለላው ይቆረጥ፤ ግንዱም ተልጦ በቀጭኑ ይከተፍ እንጂ አይጣል፤ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀለሙ ደማቅ ሳለ ይውጣ፤ ከጠወለገ አልፎበታል፤ ሽታውም የሚከፋው ያን ጊዜ ነው።

የደሴ ወጥ ሠሪ «ድስቱ ይዘገያል» ብትል አልተሳሳተችም። ከተማው ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ውሃ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ በኮምቦልቻ ቆላማነት የተነሣ ጥቂት ይጨምራል። ባቄላ በዚህ ምክንያት ብዙ ይዘገያል፤ ለቅጠል ግን የሁለት ደቂቃ ነገር ነው።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በኑግ ዘይት ከተቁላላ በኋላ ጎመኑ ከነተረፈው ውሃ ይግባበት። ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ለዓይን የሚበጀውን በደንብ የሚቀበለው ከቅባት ጋር ነው። ቃሪያው ድስቱ ከወረደ በኋላ ጥሬውን ይነስነስ፤ ሎሚውም በገበታ ላይ ይጨመቅ፤ አስቀድሞ ከገባ አረንጓዴውን ያጠፋዋልና። በበሰለ ብሮኮሊ ላይ ጥቂት የሰናፍጭ ዱቄት መነስነስ አትክልቱ በሙቀት ያጣውን አንድ ጠቃሚ ነገር መልሶ ለማስገኘት እንደሚረዳ ተመርምሮ ታውቋል።

በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የሥጋውን ገበታ ቢለዩም በዘይት የተሠራውን ጎመን አብረው ይበሉታል። ሹም ወይም ባለ እርሻ እንግዳ በጠራ ቀን ጎመንን ከዋናው ወጥ ጎን ቢያስቀርብ፣ ገበሬው ጌታው የበላውን ለልጁ ማብላትን አያፍርበትም። ብሮኮሊ መትከል የሚሻም በደሴ ደጋ፣ በኮምቦልቻም ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ቀዝቃዛ ወራት በመስኖ ይሞክረው፤ ሙቀት ካገኘው ራሱ ሳይደነድን ያብባል።