ስለ ፕላስቲክ ጭቃና ስለ እሳት

በዋሂል ዝናብ ባባራ ጊዜ ልጆች ጭቃ ለውሰው በሬ፥ ግመልና ጀበና ሲሠሩ ማየት የተለመደ ነው። ይህን ጨዋታ አንነቅፍም። ነገር ግን ከድሬዳዋ ገበያም ሆነ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ቀለሙ ያማረ ሌላ ዓይነት ጭቃ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል። ልጆች ጭቃ ይሉታል እንጂ ጭቃስ አይደለም።

የሸክላ ሠሪዋ አፈር ከምድር የተቆፈረ ስለሆነ እሳት ሲበረታበት ይጠነክራል፤ ገንቦውም ምጣዱም የሚወጣው ከዚያ ነው። ይኸኛው ግን ፒቪሲ ከሚባል የፕላስቲክ ዱቄት የተሠራ ሲሆን፥ እንዲለሰልስ ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ተጨምሮበታል። የሚጠነክረውም ኦቨን በሚባለው መጋገሪያ ውስጥ፥ ብዙውን ጊዜ በ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ትክክለኛው ቁጥር በማሸጊያው ላይ ስለሚጻፍ ማንበብ የሚችል ሰው ያንብበው። ማሸጊያና ጽሑፍ የሌለውን ባትገዙ ይሻላል።

«ኦቨን ባይኖረኝስ፥ ፍም ላይ ወይም ምጣድ ላይ ባደርገው ምን አለበት?» የምትል እናት ትኖራለች። አይሆንም እንላለን። የከሰል ፍም ከተባለው ሙቀት እጅግ ያልፋል፤ የምጣዱንም ሙቀት በእጅ ዳስሶ 130 ነው ለማለት የሚችል የለም። ፒቪሲ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህም ዐይን ያቃጥላል፥ ጉሮሮ ይከረክራል፥ ያስላል፤ አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ክፉኛ ያስጨንቃል። ሲነድም ዳዮክሲን የሚባሉ መርዞች ከጢሱ ጋር ይወጣሉ። ያረጀ ኮንጎ ጫማ ለከሰል ማቀጣጠያ የሚያደርጉ ቤቶች አሉ፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ወገን ስለሆነ ነገሩ አንድ ነው።

ሳይታሰብ ቢቃጠል ልጆቹን ቶሎ አውጡ፤ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ጢሱ ሳይጠፋ አትመለሱ። ሳሉ ወይም የትንፋሹ ማጠር አልተው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ያልተጋገረውም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። የሚያለሰልሰው ፈሳሽ እጅ ላይ ይቀራል። ከእነዚህ ፈሳሾች ፋታሌት የሚባሉትን አንዳንዶቹን የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ከልጆች መጫወቻ ከልክሏል። ስለዚህ ልጁ ተጫውቶ ሲያበቃ፥ እንጀራ ሳይነካ፥ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የወጥ ቢላዋና የእንጀራ ሰፌድ ለዚህ ሥራ አይዋሱ። ከዚህ ጭቃ ሲኒ፥ ማንኪያ ወይም የጨው ዕቃ አይሠራም፤ ቢጋገርም ቢያምርም ለምግብ አይሆንም። ዶቃውንም ሕፃን በማይደርስበት ስቀሉት፤ ሊውጠውና ሊታነቅ ይችላል።

እንግዲህ ኦቨን በሌለበት ቤት የልጆቹ መጫወቻ ያው የምድሩ ጭቃ ቢሆን እንመርጣለን። እሱም ንጹሕ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ሰው ከሚጸዳዳበት አጠገብ የተቆፈረ አፈር የወስፋት እንቁላል ይይዛል፤ ይህም በጥፍር ሥር ገብቶ ወደ አፍ ይደርሳል። ከመጸዳጃና ከከብት በረት ራቅ ካለ ቦታ ቆፍሩላቸው፤ ጥፍራቸውን ቁረጡ፤ በሳሙና ይታጠቡ። በሬውንና ግመሉን ፀሓይ ታደርቀዋለች፤ ለመጫወቻ ያህል እሳት አያስፈልገውም።